ዑራኤልን ፍለጋ

«ውጡ ተብላችኋል» ይላል ጓድ ደምሴ፣ የወረዳው ካድሬ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ። የሴቶች ተራ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ የሚያዘን ጀርባውን ሰጥቶን ነው። እኔ ደግሞ ለጀርባ መልስ አልሰጥም። ማሬን በብብቷ ሥር ደግፌ ፍል ውሃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

የልጅ ልጄ ናት። ኅዳር ላይ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት ጉልበቷን አኮራምቶት ሄደ። ከጉና ሥር እስከዚህ እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ በበቅሎ ሳመጣት መንገዱን ሁሉ ትወድቅብኛለች፣ ብርድ ይመታታል፣ የሰው ዓይን ያገኛታል እያልኩ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ውሃ ውስጥ ጉልበቷ ተዘረጋ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን በእጄ ይዤ አየሁት፣ ተዘረጋ። ግንቦት እያለቀ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ፍል ውሃውን ይውጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት ማን ያውቃል፣ እንደገና ቢኮራመትስ?

ከካድሬው ጋር የመጣው ከአዲስ አበባ የተላከ የድንጋይ ተመራማሪ ነው። መርሻ ይሉታል፤ ቀጭን ልጅ፣ እናቱ በቅጡ ያላበላችው። ትከሻው ላይ ያንጠለጠላት፣ የጨረር መለኪያ የሚላት ሳጥን ወደ ውሃው ባስጠጋት ቁጥር እንደሚቆላ ሽምብራ ትንጣጣለች። ውሃው ሲናወጥ ልኬቱ ይበላሽበታል፤ ለአፍታ ብንወጣለት ይበቃው ነበር። ጓድ ደምሴ ግን አፍታ የሚባል ነገር አያውቅም። ጥናቱ እስኪያልቅ ፍል ውሃው ተዘግቷል ይላል። ከእስቴ የመጣችው ፈንታነሽ፣ ጥናቱ መቼ ያልቃል ብትለው፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ አትጠይቂ ይላታል።

ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ይነሣሉ። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። ማሬ አንገቴን ጥብቅ ታደርጋለች።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ውሃችን ውስጥ የምትፈልጉት?» እላለሁ።

«ዩራኒየም ነው እማማ» ይላል መርሻ። ቅን ልጅ ነው፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ሥር የጥንት ደለል የሠራው የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ ተኝቷል፣ ውሃው በዚያ ሲያልፍ የድንጋዩን ጠባይ ይዞ ይወጣል ይለኛል። ገና ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ቁፋሮ የለም።

«ማን አሉ?» ትላለች ራቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት እርጉዝ። «ዑራኤል?»

ጆሮዬ ደህና ነው። ደብረ ታቦር አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ዩራኒየም የመልአክ ስም እንዳልሆነ አላጣውም። ነገር ግን እርጉዟ ስትጠይቅ የተነሡት ሴቶች ሁሉ ባሉበት ቆመው እኔን እኔን ያያሉ።

«አዎን» እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዑራኤልን ነው የሚፈልጉት።»

ቀሚሷን የጨመቀችው ተመልሳ ትቀመጣለች። ሌሎቹም ይከተላሉ። ድሮስ የዑራኤል ውሃ መሆኑን መች አጣነው ትላለች አንዷ። ፈንታነሽ፣ ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ መንግሥትም ዘግይቶ ልብ ገዛ ትላለች።

ጓድ ደምሴ ይዞራል። ዞሮ የሴት ትከሻ ያይና መልሶ ወደ ወንዙ ይዞራል። «ዩራኒየም ነው እንጂ! ማዕድን ነው፣ ማዕድን!»

«አሜን» ትላለች ፈንታነሽ፣ «ማዕድህን ይባርክልህ።»

ሳቁ ውሃውን ያናውጠዋል።

«አንቺ ሴትዮ» ይለኛል፣ «ስምሽ ማነው?» በዚህ በእርጅና ዕድሜዬ አንቺ ይለኛል፤ አንቱ ማለቱን ካድሬነቱ አስረስቶታል።

«አመተማርያም። ለአለቆችህ ንገራቸው። ዑራኤልን ፍለጋ ብንሄድ ይቺ ሴትዮ አልነሣም አለችን በላቸው።»

ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ከቤቱ ተወስዶ ሲቀር አይቻለሁ። እፈራለሁ፤ ቢሆንም ማሬን ደግፌ እንደተቀመጥኩ ነኝ። እሱ ግን ስሜን አይመዘግብም። እንዲህ ያለውን ነገር ለአለቆቹ በምን አፉ ይነግራቸዋል?

መርሻ ውሃ ሊቀዳበት ያመጣውን ጠርሙስ ይዞ ጠርዙ ላይ፣ አጠገቤ ይንበረከካል። ይቺን ሳጥን በቅርብ ሳያት ሌላ ፍርሃት ይገባኛል። ካድሬውን መፍራቴን ያስረሳኛል። ልጅቷን ስንት ጊዜ ነከርኳት፣ እዚህ ውሃ ውስጥ።

«ልጄ» እለዋለሁ በሹክሹክታ፣ «ሳጥንህን እንዲህ የሚያንጣጣት ነገር ልጅቷን ይጎዳታል? ይጎዳታል ካልከኝ አሁኑኑ ተሸክሜያት እወጣለሁ። እሱ ጮሆ ያላወጣኝን አንተ በአንድ ቃል ታወጣኛለህ።»

 ወደ ጓድ ደምሴ ጀርባ ያያል። ስላገኘው ነገር ለማንም እንዳይናገር እንዳስጠነቀቁት ከፊቱ አነባለሁ። የማሬን ወገብ ለማንሣት እጄን አዘጋጃለሁ።

መርሻ ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል። አንዱን ያወልቃል፣ ሌላውን ያወልቃል፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልልና ሁለት እግሩን ከማሬ እግር አጠገብ ይነክራል።

መልአኩ ፊት ጫማውን አወለቀ ብለው ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጓድ ደምሴ ምንድን ነው፣ ምን ተገኘ ይላል።

እኔ የማየው እግሩን ነው። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ የከተማ እግር፤ ውሃው ሲያቃጥለው ጣቶቹ ይሸማቀቃሉ፣ ግን አያወጣውም። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ማሬን እስከ አገጯ ዝቅ አደርጋታለሁ።