የትንፋሽ ቆጣሪ

ዴልበርት ኬስለር ሲያንኮራፋ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱስ ምንም አይደል፤ ሚስቱን አርዲስን የሚያስበረግጋት ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። በክርኗ ጎሸም ስታደርገው ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። ለዓመታት በሕይወት ያቆየው የአርዲስ ክርን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኋላ ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ አየር የሚገፋ መሣሪያ አዘዘለት። ያለሱ መተኛት ከሞት ጋር መጫወት ነው ብሎም ቁርጡን ነገራቸው።

መሣሪያው መጣ። ችግሩ አየሩ የሚገባበት ጭምብል ነበር። ዕቃ አቅራቢው የላከው አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍነውን ትልቁን ነው። ዴልበርት ደግሞ በጎረምሳነቱ ጎተራ ውስጥ በቆሎ ተንዶበት፣ እስከ አፍንጫው ተቀብሮ በተአምር የተረፈ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቱን የሚሸፍን ነገር አይችልም፤ በዚያ በአሜሪካዋ ነብራስካ ብርድ እንኳ ሻርፕ አያደርግም። ጭምብሉን ገና ሲያጠልቁለት በላብ ተጠመቀና መንጭቆ ጣለው። ሐኪሙም ነገሩ ገብቶት የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የምትቀመጠውን ትንሿን ጻፈለት።

ጻፈለት እንጂ ማን ሰጥቶት!

አንድ ልጃቸው ማርሊስ ሊንከን ከተማ አስተማሪ ናት። የስልኩን ጦርነት የተረከበችው እሷ ነች። ወጪውን የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ አቅራቢውን ጠይቂ ይላታል፤ አቅራቢው ኢንሹራንሱ ካልፈቀደ እኔን አይመለከተኝም ይላታል። በመሃል ሙዚቃ ከፍተውላት ይጠፋሉ። ሙዚቃውን በቃሏ ያዘችው።

በመጨረሻ አቅራቢው ዘንድ የሚሠራ፣ ብሬንት የሚባል ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ደንቡን ነገራት። መሣሪያው ውስጥ ቆጣሪ አለ፤ የሌሊቱን ትንፋሽ ጠዋት ጠዋት በራሱ ጊዜ ይልክላቸዋል። ብዙ ሌሊት ሥራ ፈትቶ ካደረ መጥተው ይወስዱታል፤ የትንሿ ጭምብል ጥያቄም አብሮ ይሰረዛል።

ማርሊስ ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ትንሿ እስክትመጣ ድረስ ቆጣሪው ባዶ እንዳያድር። እንደምንም ብለሽ። ከወሰዱት አባዬ አለቀለት ማለት ነው፤ አደራ።»

አርዲስ አደራ የምትበላ ሴት አይደለችም። እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ ብሬንት በተደወለለት ቁጥር የሚናገረው ሁሉ ደስ የሚል ሆነ፤ ማርሊስን ያስፈራትም ይኸው ነው። አባትዎ እንቅልፍ እንዲህ ሲስማማቸው አይተን አናውቅም ይላታል። ትንፋሻቸው አንዴም አይቆረጥም። ታዲያ ትልቁ ጭምብል እንዲህ ከተመቻቸው ትንሿ ምን ታደርግላቸዋለች? ኢንሹራንሱም በዚሁ ምክንያት ጥያቄውን ውድቅ አደረገው።

እሁድ ዕለት መኪናዋን አስነስታ ወላጆቿ ጋ ሄደች። አባቷን ስታየው ክው አለች። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጥብሱን በሹካ ወግቶ አፉ ጋ ሳያደርስ አንገቱ ዘንበል አለ። ቀስቅሳ ጭምብሉን እያደረገ እንደሆነ ብትጠይቀው ወደ ሚስቱ ተመለከተ።

«እናትሽን ጠይቂያት» አለ።

«አንድም ሌሊት ባዶ አላደረም» አለች አርዲስ፣ ሳህኑን ከፊቱ እያነሳች።

ማርሊስ መኝታ ቤት ገብታ ጭምብሉን አንስታ አገላበጠችው። ላስቲኩ የሆነ ነገር ሸተታት። ጠጋ ብላ ስታሸተው የሴት የፊት ቅባት ነው። ደሟ ፈላ። እነዚህ ሰዎች የላኩለት የሌላ በሽተኛ ያገለገለ ዕቃ ነው! ዕቃውን እንዲህ ካምታቱ ቆጣሪውንስ የማያምታቱበት ምን ምክንያት አለ? በአባቷ ስም የሚነበበው የማታውቃት ሴት ትንፋሽ እንደሆነ ያን ቀን ልቧ ነገራት።

ብሬንት ይህን ስትነግረው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳቅ አለ። ቆጣሪው ተሳስቶ አያውቅም አላት። ይግባኝ ማለት ግን መብቷ ነው፤ ትንሽ መታገስ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ይግባኝ አለች። ታገሰች። በየጠዋቱ ስልኳ ሲጮህ የእናቷ ቁጥር እንዳይሆን ትጸልያለች።

ሐሙስ ጠዋት የፈራችው ደረሰ። የደወለችው እናቷ ነበረች፤ ማልቀስ እንኳ አቅቷታል።

ዴልበርት የተገኘው ሳሎን፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። መጥቶ ያየው ሐኪም ነፍሱ ከወጣች ሰዓታት አልፈዋል፣ ገና ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው አለ።

ቀበሩት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ድንች በአይብ ጋግረው አመጡ፤ ሰው በላ፣ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ዋጋ አወራ፣ ተበተነ። ማርሊስ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ በረንዳ ወጥታ ብሬንት ጋ ደወለች። የአባቷን መሞት አልነገረችውም። የረቡዕ ሌሊት እንዴት ነበር ብቻ አለችው።

«ግሩም ሌሊት ነው ያሳለፉት» አላት ብሬንት። «እስኪነጋ ድረስ ትንፋሻቸው አንዴም አልተቋረጠም።»

ማርሊስ አመስግና ስልኩን ዘጋች። በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው፤ ሙት የሚያስተነፍሱ ቀጣፊዎች!

ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ለጎረቤት የሚመለሱትን ሳህኖች እያጠበች ነበር። ማርሊስ አጠገቧ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አባቷ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሲሞት እነዚያ ሰዎች የሌላ ሰው ትንፋሽ እየቆጠሩ ደህና ነው ሲሉ እንደነበር ደጋግማ ተናገረች።

«ጠበቃ እይዛለሁ እማዬ። ያ ትንፋሽ የማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ቆመው ይናገራሉ።»

አርዲስ እጇን ከሳሙናው ውሃ አላወጣችም።

«የኔ ነው፣ ልጄ» አለች።