የወታደሮቹ ጫማ

ደራሲው የቴፑን ቁልፍ ሲጫን እህቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ቴፑ ጠጋ አለች። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ድምጿን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። የድሮ ዘመን ታሪክ ሊጽፍ ሲነሳ አዛውንቶች ፊት ቴፕ አስቀምጦ ማስወራት የደራሲው ልማድ ነው፤ ከጉዳዩ ፈቀቅ ሲሉበት ግን ቶሎ ይመልሳቸዋል። ከተማቸው በጠላት ስለተወረረበት ጊዜም እናቱን የቀዳት እንደዚሁ ነበር።

«ወታደሮቹ ከተማውን የያዙ ለት፣» አለች እናታቸው ከቴፑ ውስጥ፣ «አባታችሁ ሊዘምት ወጥቶ፣ ከደጅ ተመለሰና አንተን ከጀርባዬ አውርዶ ሳመህ። እህትህ ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች። እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ምን አላት መሰለህ…»

እህቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። አባቷን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«እማዬ፣ የአባዬን ነገር ኋላ እንመለስበታለን፣» አለ የደራሲው የያኔ ድምፅ እየተጣደፈ። «ወታደሮቹ ምን ዓይነት ጫማ ነበር ያደረጉት?»

«ጫማ?» አለች እህቱ፣ ቀና ብላ እያየችው።

«ልመለስበት አስቤ ነበር እኮ…» አለ ደራሲው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ቴፑን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ አፈፍ አድርጋ ያዘችው። እናታቸው ከቴፑ ውስጥ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጫማቸው ቡናማ ነበር፤ ማሰሪያው በሲባጎ የተቀጣጠለ። ጻፍከው የኔ ጌታ?»

«ጻፍኩት እማዬ!» አለ የያኔው ድምፅ፣ ደስ ብሎት።