ከፍ ያለው መሪ

መካኒኩ ሁለት የሞተር ብስክሌት መሪዎች ጋራዡ በር ላይ ጆንያ አንጥፎ አጋደመ። አንዱ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የተዘረጋ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የታጠፈ ነበር። እንድሪስ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበር፤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ያለውን መንደር ሁሉ በሞተር ብስክሌቱ ያዳርሳል። ወንዝ ሲሻገር ወድቆ የድሮው መሪ ተሰብሮበታል።

«ዝቅ ያለውን ግጠምልኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ከፍ ያለው ይሻልዎታል። ትከሻ ያሳርፋል።»

«እሱ የሽማግሌ ነው።» ይህን ሲል ቀኝ ትከሻውን ሊይዝ እጁን አነሳና መልሶ ተወው። ይህን ጊዜ ሚስቱ ዓዲላ ሻሿን አስተካክላ ቀረበችና ከፍ ያለውን መሪ አነሳች። «አንተ ስታጎነብስ እኔም ከኋላህ አብሬ እጎብጣለሁ። ወገቤን ጨረሰኝ። ለኔ ስትል ይሄን አስገጥም።»

እንድሪስ መሪውን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያ በጋራዡ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለሷ ከሆነ እሺ» አለ።

መሪው ተገጥሞ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ትከሻውን ሳያመው እጆቹ መሪው ላይ ደረሱለት። ዓዲላ ከኋላው ተቀመጠች። ከጋራዡ እንደ ወጡ ፊቱን ሳያዞር «ትከሻዬን እንደሚያመኝ ማን ነገረሽ?» አላት።

«ማንም። ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል። ደረትህን ይዤ አይደል የምሄደው?»

ጥቂት እንደ ሄዱ «ወገብሽስ?» ሲል ጠየቃት።

«ወገቤማ ደህና ነው» አለችው።