የነሱ ጥሩምባ

የታችኞቹ ጥሩምባ ሲጮህ ዘርትሁን የልጇን ፀጉር እያጠበች ነበር። ጠላት ከሰማይ እሳት የሚጥለውን የብረት አንበጣ በለቀቀ ቁጥር ላይኞቹ ለጎሳቸው፣ ታችኞቹም ለጎሳቸው ይነፋሉ። የሌላውን ጥሩምባ ሰምቶ ወደ መጠለያ መሮጥ እንደ ክህደት ይቆጠራል።

«የነሱ ነው» አለ ባሏ አስናቀ፣ ከጉርሻው ቀና እንኳ ሳይል።

«አንበጣው የሚያቃጥለው ጎሳ ጠይቆ ነው እንዴ?»

«የኛ የላይኞቹ ሽማግሌዎች መች ነፉ? በነሱ ጩኸት ብንወጣ ምን እባላለሁ?»

«ነፍሱን ይማር ከመባል አይሻልህም?»

ሳሙናው ከልጇ ፀጉር ሳይለቅ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። የላይኞቹ መጠለያ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ የታችኞቹ ግን እዚሁ ከአጥሯ ሥር። የታችኞቹን መጠለያ በር በእግሯ ደበደበችው።

«ማነው?» አሉ ጎረቤቷ ጋሽ ደምሰው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ዘርትሁን! ሕፃን ይዣለሁ፣ ይክፈቱልኝ!»

«ልጄ፣ የናንተ እኮ ገና አልጮኸም። ምን ብዬ ልክፈት?»

የአንበጣው መንጋ ጥላ ሰፈሩን አለበሰው። ያን ጊዜ ከኮረብታው ማዶ የላይኞቹ ጥሩምባ ተነፋ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ከልባቸው እፎይ ብለው። «የናንተም ጮኸ። በይ ቶሎ ወደ ናንተ ሩጪ።»