ጉሙ ሲጣራ

ሉፌዮ የሰውየውን ቀበቶ ከኋላ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ሰውየው ወደፊት ይጎትታል። ከእግሩ ሥር ያለው ጥቁር ዐለት ረጥቦ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው።

«ልቀቀኝ» ይላል ሰውየው። አይጮህም። «ጠርታኛለች እኮ። አንተም ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ። መጀመሪያ ይቀመጡና እናውራ።»

«ልጄ እየጠራችኝ ቁጭ ብዬ ላውራ?»

ሰውየው ማሊሴኒ ይባላል፤ ሊምቤ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው። ልጁ ሎንጄዞ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር የሙላንጄ ተራራን ከፍተኛ ጫፍ፣ ሳፒትዋን፣ ልታይ ወጥታ፣ ጉም ሲወርድ ከመሐላቸው እንደጠፋች ከቀረች ወር አልፏል። ፖሊሱም፣ የመንደሩ ጎረምሳም፣ ውሻውም ፈልጎ ፈልጎ ተመልሷል። አባት ግን አንድ ቀን ብቻ ብሎ መንገድ መሪውን ሉፌዮን ለመነው፤ ዛሬ ጠዋት ከተጓዦች ማደሪያው ተነሥተው፣ ዐለቱ ላይ የተቀቡትን ቀይ ቀስቶች እየተከተሉ ወጡ። ከሩቅ እንድትለይ ብሎ ብርቱካናማ ጃኬት የሰፋላት ራሱ ስለሆነ፣ መንገዱን ሁሉ ዓይኑ ሌላ ቀለም አልፈለገም። እንዲያም ሆኖ ይቀልድ ነበር። «ይሄን ተራራ የሰፋው ሰው ሜትር አልነበረውም» አለ፣ አንዱን ቋጥኝ በአራት እግሩ እየወጣ።

ከቀትር በኋላ ከሞዛምቢክ በኩል ቺፔሮኒ መጣ፤ የአገሩ ሰው ያንን ቀዝቃዛ ጉም እንዲያ ነው የሚለው። ቀስቶቹ ተዋጡ። ሉፌዮ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስጠለለው፤ ስኳር ድንች ልጠው መብላት እንደጀመሩ ነው ድምፁ የመጣውና ማሊሴኒ ወደ ገደሉ አፋፍ የሮጠው።

ጉም ውስጥ የጠራህን አቤት አትበል። ሙላንጄ ሥር የተወለደ ሁሉ ይህን የሚሰማው ገና በደረቱ ሲሳብ ነው። ሉፌዮ ለእንግዶቹ ነግሯቸው አያውቅም፤ ይስቁበታል። እሱም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ተራራ ላይ ሲመላለስ፣ እስከ ዛሬ በጆሮው የሰማው ነገር አልነበረም።

ድምፁ ይደገማል። ከግራ ይሁን ከታች አይለይም። ቅርብ ነው።

ማሊሴኒ ይንደረደራል። አንድ እግሩ ይከዳዋል። ሉፌዮ ተረከዙን ስንጥቅ ውስጥ ወትፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትተዋል፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ይዘረራሉ። አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ይወርዳል። ሲያርፍ አይሰማም።

«ምን ብላ ነው የጠራችዎት?» ይላል ሉፌዮ፣ እያለከለከ።

«ሰምተህ የለም እንዴ?»

«ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።»

«‹አባዬ፣ በረደኝ።› እንደዚያ ነው ያለችው።»

ሉፌዮ የሰማው ሌላ ነው። ቢናገር የሰውየውን የቀረች ተስፋ በገዛ አፉ ማጥፋቱ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሰውየው ይሄዳል፤ ቀበቶ ይዞ እስከ መቼ።

«እኔ ልጅዎን አልሰማሁም» ይላል በመጨረሻ። «እናቴን ነው የሰማሁት። ‹አይጤ፣ መሽቷል፣ ና ግባ› አለችኝ። ስወለድ ትንሽ ስለነበርኩ ነው አይጤ የምትለኝ። ያንን ስም የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። እሷንም በእጄ ነው የቀበርኳት።»

ማሊሴኒ ዞሮ ያየዋል። ፊቱ ላይ ውሸት ይፈልጋል፤ ብዙ ይፈልጋል። ከዚያ ትከሻው ይወርዳል።

«እንግዲያው እሷ አይደለችማ።»

«አይደለችም፣ አባቴ።»

«ድምፁ ግን የሷ ነው።»

ሉፌዮ ቀበቶውን አጥብቆ ይይዛል።

«አልመልስላትም» ይላል ማሊሴኒ። «ቁጭ ብዬ ልስማት ብቻ። እሰረኝ ከፈለግክ።»

እምቢ ማለት እንዳለበት ሉፌዮ ያውቃል። ከሻንጣው ገመድ ያወጣል። የሰውየውን ወገብ፣ የራሱንም፣ ዐለቱን ሰንጥቆ ከወጣው የጥድ ግንድ ጋር ያስራል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ማሊሴኒ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ይነክሳል። አንዴ ፈገግ ይላል። «ተናደደች» ይላል በሹክሹክታ። «ድሮም ጠርታኝ ቶሎ ካልመጣሁ ታኮርፋለች።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ያንተዋስ?»

«እራት ቀርቧል ትላለች።»

«ምንድን ነው እራቱ?»

«የበቆሎ ንሲማ በዱባ ቅጠል።»

ልብስ ሰፊው ራሱን ይነቀንቃል። «ደህና እራት ነው።»

ቀስ በቀስ ነጩ ይሳሳል። በአንድ ቀዳዳ ከታች፣ በጣም ከታች፣ የሻይ እርሻው አረንጓዴ ብልጭ ይላል። ከእግራቸው አጠገብ አንድ ቀይ ቀስት ይወጣል። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ይጠፋል። ማሊሴኒ ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል። ሉፌዮ አለቀ ብሎ የገመዱን ቋጠሮ መፍታት ይጀምራል።

ያኔ ነው ከሸለቆው ማዶ፣ ከመድከሟ የተነሣ ላለመሰማት ምንም ያልቀራት፣ አንዲት ቃል የምትመጣው። «አይጤ… አትመጣም እንዴ?»

አፉ መከፈቱን ሉፌዮ አላወቀም። ‹አቤት› ምላሱ ላይ ደርሷል።

የማሊሴኒ መዳፍ አፉን ይከድነዋል፤ በመርፌ የተበሳሳ፣ ቀዝቃዛ መዳፍ። ሉፌዮ ከሥሩ ማልቀስ ሲጀምርም አያነሣውም።