በሱሪ ጫፍ የመጣ ጭጎጎት

ይህቺን ታሪክ ጊዜ ሰጥቶ ያነበበ አይከስርም። ሌላው ቢቀር፣ ከዛሬ በኋላ ሱሪውን ሳያገላብጥ ወደ ማጠቢያ አይጥልም።

ልብስ ሰፊዋ ግን ድሮም ታገላብጣለች። የሰው ሱሪ ስታሳጥርና ስታስረዝም የኖረች ሴት የባሏን ሱሪ ጫፍ ሳታይ አታልፍም። አንድ ምሽት ስታራግፈው ጣቷን የሆነ ነገር ወጋት። ከባቄላ የማይበልጥ ፍሬ ነው፤ መላ አካሉ መንጠቆ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቀንድ። ነቅላ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ ያላገኘችበት ቀን የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጃቸው፣ ያውም አንድ ለእናቱ፣ ክረምቱ ሳይገባ “መጣሁ” ብሎ እንደወጣ ቀረ። ክረምቱ አለፈ፤ እሱ የለም። ባልና ሚስት ሥራ ተከፋፈሉ። እሷ ቤት ትጠብቃለች፤ ልጁ ቢመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው። ባልየው ደግሞ የብየዳ ቤቱን ከሰዓት በኋላ እየዘጋ ከተማውን ያስሳል። ማታ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ሰላም እንኳ አይላትም።

“ዛሬስ የት ደረስክ?”

“ገበያውን አዳረስኩ። ሆስፒታልም ጎራ ብዬ ነበር።”

“ምን አሉ?”

“የለም አሉ።”

ገበያ መሀልና ሆስፒታል በር ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ አይበቅልም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ስልክ ሲጮህ እሷ መርፌዋን ጥላ ስትዘል፣ እሱ ቀና እንኳ አይልም። “ሰልችቶታል” አለች በሆዷ።

ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ “ፕሮፌሰር” ይለዋል፣ ለማሾፍ። ትምህርቱን ከመሀል አቋርጦ አረም ያሳበደው ሰው ነው። ጢም በግማሽ ላጭቶ ስለ ቅጠል ወሬ ከጀመረ ደንበኛው በግማሽ ጢም ያረጃል። እሷ ቤቷን ስለማትለቅ አስጠራችው። ፍሬውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

“እትዬ! ይቺን ከየት አመጣሻት?”

“መጀመሪያ ምን እንደሆነች ንገረኝ።”

“ጭጎጎት ናት፣ ግን የእኛ ጭጎጎት አይደለችም። መጤ ናት። መንጠቆዋን እዪልኝ! ነፋስ አያበርራትም፣ ወፍ አይለቅማትም። ያገኘችው ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትሄደው፤ በበግ ፀጉር፣ በጆንያ፣ በሰው ካልሲ። ድሮ ከባሕር ማዶ ማሽን ሲመጣ እንዳይሰበር በድርቆሽ ይጠቀለል ነበር። ድርቆሹን የደፉት የተዘጋው የባቡር መጋዘን ጀርባ ነው። እዚያ በቀለች፤ የነበረውን ሣር ሁሉ ውጣ ጨረሰችው። ዝናቡ ሲያባራ ፍሬዋ ይደርቅና ያገኘችውን ሁሉ መያዝ ነው።”

“ሌላ ቦታስ?”

“በዚህ ከተማ? አይቼ አላውቅም። እኔ ካላየኋት ደግሞ የለችም!”

“እዚያ መጋዘን ጋ ምን አለ?”

ወንድምየው አንገቱን አከከ። “ጀርባው አጥር ነው፤ ውሻ ስለምፈራ አልፌ አልገባሁም። ፊት ለፊቱ... የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያድሩባቸው ቤቶች አሉ።”

“የምን ቤቶች?”

“ኧረ እትዬ፣ እኔ የማውቀው አረም ነው!”

ከዚህ በላይ ማን ይንገራት? ሌላ ሴት መያዙ አይደለም ያንገበገባት። እሷ በር በሩን ስታይ፣ ልጇን የሚፈልግላት አንድ ሰው አለ ብላ ነበር። ለካ የለም።

በማግስቱ ባሏ ጢሙን ተላጨ፤ የተተኮሰ ሸሚዙን ለበሰ።

“ለማን ነው እንዲህ መዋብ?”

“ሰው ፊት አይደል የምቆመው” አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ጎረቤቷን በሩ ላይ አስቀመጠች። “እኔ እናቱ ልሙት እንዳትነሺ! ከመጣ ምግቡ ድስት ውስጥ ነው በይው” ብላ፣ ልጇ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ወጣች።

ባሏ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ ከሩቅ ተከተለችው። ወደ ገበያው አልዞረም። ወደ ሆስፒታሉም አልታጠፈም። ሐዲዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ አንዱ በር ላይ ያለች ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ከሩቅ ለየችው።

“ዛሬ ደግሞ ቆየህሳ!”

“ሥራ ያዘኝ፣ እባክሽ።”

ሴትዮዋ ውኃ የሞላ ጀሪካን አቀበለችው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገችው። ባሏ ግን ወደ ሴትዮዋ ቤት አልገባም። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ መጋዘኑን ዞረና በተቀደደው አጥር ሾለከ። “ደግሞ አንዷ አልበቃ ብላው ሜዳ ላይ ሌላ አስቀምጧል?” ብላ ተከተለችው።

አረሙ ደረቷ ድረስ ይደርሳል። በእግር የተረገጠች ቀጭን መንገድ አለች። ትንሽ እንደሄደች ድምፁን ሰማች፤ ቤት ውስጥ ከሰማችው የቆየችውን፣ የለሰለሰ ድምፁን። ያጫውታል። ይስቃል እንኳ።

ስድቡን አፏ ላይ አዘጋጀች። ጭጎጎቱ ቀሚሷን እየያዛት፣ አረሙን በሁለት እጇ ገለጠችው።

ሴት የለችም። ባሏ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ተንበርክኮ አረም ይነቅላል። ዙሪያውን ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ብረቶች ከአረሙ መሀል ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ጠያቂ ያጡ ሬሳዎችን የሚቀብረው እዚህ ነው።

እሱ ባጸዳት ቁራሽ መሬት ራስጌ የቆመው ብረት ግን ቁጥር የለውም፤ በብየዳ የተጻፈበት የልጃቸው ስም ነው፣ እሱንም የክረምቱ ዝናብ አዝጎታል።