እንደ ዘመዶቿ አይደለችም

መምህር ተድላ ከአምቦው ሲኒማ አዳራሽ እንባውን እየጠረገ ወጣ። «የህንድ ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይሄኛው ግን ልዩ ነው» አለ። እጮኛው ድንቄ ክንዱን ይዛ ሳቀች።

«እናቴም እሺ አለች» ሲል ቀጠለ። «‹የጉደር ባላገር ልታገባ ነው?› ብላ ስታለቅስ፣ ‹ድንቄ እንደ ዘመዶቿ አይደለችም፤ ልዩ ናት› አልኳት።»

የድንቄ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። ተድላ ያመሰገናት መስሎት ፈገግታዋን ይጠብቅ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አባቷ ኦቦ ቱፋ ለአማቻቸው ያመጡትን የማር ቅል ታቅፈው ቆመው ነበር።

«አባቴስ?» አለችው።

«እሳቸውማ…» ብሎ አቀረቀረ።

ክንዱን ለቃ ተሻገረችና ቅሉን ከአባቷ ተቀበለች። «አባባ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለች። ኦቦ ቱፋ ግን ነገሩ ስላልገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለአማቻቸው በደስታ እጅ ነሱ።